አፊኒ ማን ናት?

ከኋላዋ «ይሁን» ተብሎ የተጻፈባት ባጃጅ የኤርሚያስ ናት። ከቡሹሎ ወደ ሐዋሳ ከተማ፣ ከከተማ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ስትመላለስ ስድስት ዓመቷ ነው። አንዱ መስታወቷ ተሰብሮ በፕላስተር ተይዟል፣ የቀኝ በኩል ሸራዋ ዝናብ ሲመጣ አልወርድም ይላል፤ ቴፗ ግን እንከን የለበትም። ጽሑፉን ያጻፈው ታናሽ ወንድሙ ሀብታሙ ነው። ሌላው ሾፌር ጥቅስ ወይም የሚወደውን ኳስ ተጫዋች ስም ሲያጽፍ ሀብታሙ «ይሁን» በሉልኝ አለ። ለምን ቢሉት፣ «ሁሉን ነገር ይይዛል» ብሎ ሳቀ። ይኸው ሁሉን ነገር ያዘ።

ኤርሚያስ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነበረ፤ ድምፁ ስለሚሰበር ሁልጊዜ የኋላ መስመር ላይ ያቆሙት ነበር። ዜማ እምቢ ያለው ሰው በቃል ይገባል፤ ራፕ የጀመረው ያኔ ነው። የባጃጇ ሞተር ሲንተከተክ ምቱን ይሰጠዋል፣ እሱ ቃሉን ይደረድራል። ተሳፋሪ ሲኖር በሆዱ፣ ሳይኖር በአፉ። ጎበዝ ነው ወይ? ጎበዝ ነው። ጎበዝ መሆን ምን ያደርጋል ብላችሁ እንደሆነ፣ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ምክንያቱም ይህ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዱ የያዘው አንድ ነገር አለ። ወንድሙ ሀብታሙ እንደሞተ ያውቃል። እናቱ አታውቅም። አገር ውስጥ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ የታሰበው ራሱ ኤርሚያስ ነበር። የአጎታቸው ልጅ እዚያ ሱቅ አለው፤ መንገዱን ያመቻቸው ለታላቁ ነው። ሊነሳ አሥር ቀን ሲቀረው ኤርሚያስ ልቡ ሸሸ። በከተማው አንድ የራፕ ውድድር ተጠርቶ ነበርና «ብቀር እኮ ሰው እሆናለሁ» ማለት ጀመረ። ሀብታሙ ወንድሙን አየ፣ እናቱን አየ፣ «ይሁን፤ እኔ እሄዳለሁ» አለ። ለመንገዱ የተገዛውን የኤርሚያስን አዲስ ጫማ አድርጎ ወጣ፤ ትንሽ ይሰፋው ነበር። ውድድሩስ? ኤርሚያስ ሁለተኛው ዙር ላይ ወደቀ።

በአምስተኛው ወር ስልክ ተደወለ። የደወለው አብሮት የተጓዘ የሀላባ ልጅ ነው፤ ሰኢድ ይባላል። ኬንያን አልፈው፣ ታንዛኒያን አልፈው፣ ከዚያ ወዲያ ሰላሳ ስምንት ሆነው ዙሪያው ብረት በሆነ የጭነት መኪና ውስጥ ተዘግቶባቸው እንደተጫኑ፣ በሩ ሲከፈትም አሥራ አንዱ እንዳልተነሱ ነገረው። ሀብታሙ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነበር። ኤርሚያስ «ሌላ ሰው ይሆናል» አለው። ሰኢድ፣ ከመኪናው ሲያወርዱት ጫማው ወለቀ፣ ይሰፋው ነበር አለ። ኤርሚያስ ስልኩን ዘጋ።

ያን ቀን እናቱ አለምነሽ ደም ግፊቷ ተነስቶባት ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበር። «ዛሬማ አይነገራትም» አለ። ልክ ነበር፤ ማንም ሰው እንደዚያ ይላል። ከአልጋ ተነሳች፤ ትጠንክር አለ። ጠነከረች፤ ገና ደረሰ። በዓሉ ይለፍ አለ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ? ኤርሚያስ ቅጠሉን በእጁ እንደያዘ ቤቱ ነደደ። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። ሽማግሌ ይዘህ፣ ጎረቤት ሰብስበህ፣ በማለዳ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን ነው የሚነገረው። ሁለት ጊዜ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ቤት ሄዶ ከበር ተመልሷል። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሚሆን ያውቃላ! «መቼ ነው የሰማኸው?» ይሉታል። በየቀኑ መልሱ ይከብዳል።

እሁድ እሁድ ጸሎት ላይ «በመንገድ ላይ ስላሉ ልጆቻችን» ይባልና ስም ይጠራል። የሚጠራለት ሰው ቤተሰብ ከመቀመጫው ይነሳል። «ሀብታሙ» ሲባል አለምነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ትነሳለች፤ ኤርሚያስም አጠገቧ ይቆማል። ጉባኤው «አሜን» ይላል፣ እሱም «አሜን» ይላል። ለሞተ ሰው መልካም መንገድ መለመን ምን እንደሚመስል እሱን ጠይቁት። ሲወጣ እናቱን ባጃጇ ውስጥ ያስቀምጥና ሞተሩን ለማስነሳት ጎንበስ ሲል እዚያው ትንሽ ይቆያል፤ ሞተሩ እምቢ ያለው ይመስላታል።

አለምነሽ አሮጌ ስልኳን አልቀየረችም፤ ሀብታሙ የሚያውቀው ቁጥር እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ጎረቤታቸው ገነት ጋ ወስዳ ባትሪውን ታስሞላለች። ገነት ፀጉር ቤት አላት፣ ጄኔሬተርም አላት። ስልኩ የሚደወልበት ከስንት አንዴ ነው፤ ያም ቢሆን ባትሪው አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። አፊኒ የምትለው ቃል ከአያቱ ቤት የመጣች ናት። አያቱ ከመሰሎቻቸው ጋር ጥላ ስር ሲቀመጡ ነገር ያለው ሰው ዝም ብሎ አፉን አይከፍትም ነበር። መጀመሪያ «አፊኒ?» ይላል። በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ሰሚው «አልሰማሁም» ካለ በቃ፣ ሁለቱም ታስረዋል። ሰሚው ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ተናጋሪው እውነቱን ሳይሸራርፍ ይጨርሳል። «አፊኒ ብሎ ጠይቆ ዝም ያለ ሰው፣ በር አንኳኩቶ የሚሸሽ ባለጌ ነው» ይሉ ነበር አያቱ።

አንድ ቀን ኤርሚያስ አሞራ ገደል ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይህች ቃል ትዝ አለችው። እኔ ለእናቴ መናገር ካቃተኝ ዘፈን ይንገርልኝ፣ አለ። ዘፈኑ ወጥቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲሰማው ጎረቤት ራሱ ይሰበሰባል፣ ለቅሶውም ራሱ ይጀምራል፣ እሱም ከለቅሶው መሃል ገብቶ ያለቅሳል። የፈሪ ሐሳብ ነው፤ ምኑን እክደዋለሁ። ግን ከዚያ በፊት የፈሪ ሐሳብ እንኳ አልነበረውም። ስልኩን አወጣና ባጃጇ ውስጥ እንደተቀመጠ ጻፈው።

አፊኒ? ሰማሽ ወይ? አልሰማሁም በይኝ፣
እኔ መንገር ፈራሁ፣ አንቺው ጠይቂኝ።
በእኔ ተራ ሄደ፣ በእኔ ጫማ ወጣ፣
ድምፁም አልተሰማ፣ ሬሳውም አልመጣ።
ብረት ከፊት ለፊት፣ ብረት ከጀርባ፣
ትንፋሽ የሚሉት ነገር በየት በኩል ይግባ?
አፊኒ እያልኩ ብዞር ከደጅ ወደ ደጅ፣
ታፈነ ነው መልሱ፣ የእናቴ ልጅ።

ሌላም ስምንት ስንኝ ነበረው፤ እናቱን በስሟ የሚጠራ። አፊኒና ታፈነ፣ አንዷ ሲዳምኛ፣ አንዱ አማርኛ፣ እንዲህ ጎን ለጎን ሲቀመጡለት ደጋግሞ በአፉ አላቸው። ዓሣ በልታ የመጣች አንዲት ሴት «ሾፌር፣ ትሄዳለህ?» ብላ እስክትጮህበት ድረስ ሰው መኖሩን ረስቶ ነበር።

ሮቢ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሮቢ የአዲስ አበባ ራፐር ነው፤ ሐዋሳ ሙዚቃ ሊያቀርብ መጥቶ ከሆቴሉ ዓሣ ሊበላ ሲወርድ የያዛት ባጃጅ «ይሁን» ሆነች። ኤርሚያስ በስልኩ የቀዳውን ድምፅ ቴፑ ላይ ለቆታል። ሆን ብሎ ነው ወይ? እንዴታ፣ ሆን ብሎ ነዋ! ሮቢ «ማነው ይሄ?» ሲል ኤርሚያስ ፊቱን ከመንገዱ ሳያነሳ «እኔ ነኝ» አለ። ሮቢ ዓሣውን ረስቶ ሦስት ጊዜ አስደገመው። አፊኒ የምትለዋ ጆሮው ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች፤ ምን ማለት እንደሆነች ግን አልጠየቀም። አብረን እንሥራው አለ፣ ስምህ ከስሜ ጎን ይጻፋል አለ፣ ክሊፑን እዚሁ ሐይቁ ዳር እንቀርጸዋለን አለ። ቃሉንም ጠበቀ። ሮቢ ክፉ ሰው አይደለም። በዚህ ነገር ውስጥ አንድ ክፉ ሰው ቢኖር እኮ እሱን ረግመን እናርፍ ነበር።

የኤርሚያስ ድምፅ ከተማው ውስጥ ባለች አንዲት ስቱዲዮ ተቀርጾ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ሮቢ የራሱን ክፍልና አዝማቹን እዚያ ሠራ። ኤርሚያስ አዝማቹን ሳይሰማ ነው የቀረጻው ቀን የደረሰው።

የክሊፑ ዳይሬክተር ፊልሞን ይባላል። አሞራ ገደል በጠዋት ደርሶ ድሮኑን አስነሳ፣ አጥማጆቹን በጀልባ አሰለፈ፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ የዓሣ ትርፍ የሚለቅሙ ትልልቅ ወፎች፣ ከካሜራው ፊት ክንፋቸውን እንዲዘረጉ የዓሣ ሆድ ዕቃ አስወረወረ። የዚህ ክሊፕ ቀለም ሰማያዊና ብርቱካናማ ነው አለ፤ ሐይቁ ሰማያዊ፣ ፀሐዩና ልብሱ ብርቱካናማ። ቀይ የለበሱ ዓሣ ሻጮች ከፍሬም እንዲወጡ ተለመኑ፤ ወጡና ከዳር ሆነው ያሾፉ ጀመር። ኤርሚያስን ጀልባ ላይ አቁመው ትከሻው ላይ መረብ ጣሉበት። ዋና እንኳ አይችልም፤ ዕድሜ ልኩን ጀልባ ላይ የወጣው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ አጥማጅ «አደራ፣ ዓሣው እንዳያጠምድህ» አለው።

ከዚያ ዘፈኑ በድምፅ ማጉያ ተለቀቀ።

አፊኒ አፊኒ፣ የሐይቁ ዳር ቆንጆ፣
ልቤ ላይ ቀለስሽ የፍቅርሽን ጎጆ።

ኤርሚያስ መጀመሪያ ሌላ ዘፈን መሰለው። ብርቱካናማ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ጀልባዋ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ሄራን ትባላለች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ከወሎ የመጣች። ፊልሞን ትከሻዋን ይዞ ለሁሉም አስተዋወቃት፤ «አፊኒ ማለት ይቺ ናት» አለ።

ከዳር የቆሙት የሲዳማ አጥማጆች ሳቁ። ኤርሚያስ አልሳቀም። መረቡን ከትከሻው አውርዶ ሮቢን ወደ ጎን ጠራውና አፊኒ የሴት ስም እንዳልሆነ ነገረው። ሰማህ ወይ ማለት ነው፣ አለው። ሮቢ ደነገጠ፤ አፈረም። የልጅቷ ስም፣ የፍቅረኛህ ስም መስሎኝ እኮ ነው አለ። ግንባሩን እያሻሸ፣ አዝማቹ አልቋል ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ከወዲሁ ወዶታል፣ ደግሞ ያንተ ቨርስ አለ አይደል፣ እዚያ ላይ የፈለግኸውን ትናገራለህ አለው።

በዚህች ሰዓት ነበር መናገር። የሞተው ልጅ ወንድሜ ነው፣ ይሄን ግጥም የጻፍኩት ለእናቴ ነው፣ ቢል ሮቢ ሰው ነው፤ አዝማቹን ገደል ይግባ ይል ነበር ብዬ አምናለሁ። ኤርሚያስ አፉን ከፈተ። ከዚያ «ይሁን» አለ።

አንድ ነገር ብቻ ለመነ። የእሱ ክፍል በተዘጋ መኪና ውስጥ እንዲቀረጽ። ፊልሞን ሐሳቡን ወደደው፤ ጨለማ ነው፣ ኃይለኛ ነው አለ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጭን ዙሪያው የተዘጋ አይሱዙ ቆሞ ነበርና ሾፌሩን አስፈቅደው ገቡ። ፊልሞን ካሜራውንና አንዲት ትንሽ መብራት ይዞ ከፊቱ ቆመ። በሩ ከውጭ ተዘጋ፤ መወርወሪያው ሲመታ ብረቱ በሙሉ ጮኸ።

ኤርሚያስ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ። የዓሣ ሽታ ነበረ፣ ሙቀት ነበረ። ሰላሳ ስምንት ሰው እዚህ ውስጥ እንዴት ብሎ ይቆማል? ሀብታሙ ረጅም ነው፤ አንገቱን ሰብሮ ነው የቆመው። ከመሃል ነበር ወይስ ከበሩ አጠገብ? እኔ ብሆን ኖሮ ከበሩ አጠገብ እቆም ነበር፣ አለ በሆዱ፤ እኔ ፈሪ ነኝና ከበር አልርቅም፣ እተርፍ ነበር። ይህን አስቦ አያውቅም ነበር። ከዚያ አፉ ተከፈተና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አሥራ ስድስቱንም ስንኝ፣ እናቱን በስሟ እየጠራ ተናገረው። ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው ሙሉውን የተናገረው ያን ጊዜ ነው። የስቱዲዮው ንባብ ነበር፤ ይሄ ግን መርዶ ነበር።

ፊልሞን ካሜራውን ሲያወርድ እጁ በላብ ርሶ ነበር። «ድገመው አልልህም» አለ። በሩ ሲከፈት ሄራን ከውጭ ቆማ ሰምታ ኖሮ ዓይኗ ቀልቷል።

«እውነት ነው?» አለችው።

«ግጥም ነው» አላት።

ቢሆንም ያን ወር ኤርሚያስ ቀለል ብሎት ሰነበተ። ከተሳፋሪ ጋር ይጫወታል፣ መልስ ረስቶ የወረደውን ተከትሎ ይጠራል። ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት አስቀድሞ አምጥቶ አስቀመጠ። ገነትን ደግሞ፣ ክሊፑ ቅዳሜ በጠዋት ይወጣል፣ ቤትሽ ሰው ይሰብሰብ፣ ከእማ አጠገብ አትራቂ አላት። ጎረቤት፣ ሽማግሌ፣ ማለዳ፣ የመርዶው ወግ ሳይጓደል ይሁን ብሎ ነው። ገነት ምን ታውቃለች? ልጁ ኮርቶ ነው ብላ ደስ አላት። ድፎ ዳቦ ደፋች፣ ለስላሳ ደረደረች፣ ፀጉር ቤቱ ያለውን ትልቁን ቴሌቪዥን ወደ ሳሎኗ አስመጣች። ኤርሚያስ ሁለት ጊዜ ከደጃቸው የተመለሰባቸውን ያን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሳይቀር ጠራችለት።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። አለምነሽን ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ ሶፋው መሃል አስቀመጧት። ነጠላዋን የለበሰችው ለእሁድ እንደምትለብሰው ነው፤ አሮጌው ስልክ ጭኗ ላይ ነው። ኤርሚያስ ከበሩ አጠገብ ቆመ። መዳፉን በሱሪው ይጠርጋል።

ክሊፑ ተጀመረ። ድሮኑ ሐይቁን ከላይ አሳየ፤ ውሃው ሰማያዊ፣ ከመጠን በላይ ሰማያዊ። አባ ኮዳዎቹ ቀስ ብለው ክንፋቸውን ዘረጉ። ሮቢ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሶ አዝማቹን አለ፣ ሄራን ከጀልባዋ ጫፍ ዞራ ፈገግ አለች። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ የኤርሚያስ ፊት መጣ፤ መረቡ ትከሻው ላይ፣ ከኋላው ፀሐይ። ገነት እልል አለች።

«አፊኒ? ሰማሽ ወይ? አልሰማሁም በይኝ፣ እኔ መንገር ፈራሁ፣ አንቺው ጠይቂኝ» አለ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ኤርሚያስ።

ከበሩ አጠገብ ያለው ኤርሚያስ ትንፋሹን ያዘ። አሁን ጨለማው ይመጣል። አሁን ብረቱ።

አልመጣም። ድሮኑ ተነሳ፣ ጀልባዋ አነሰች፣ ሄራን እጇን ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ሮቢ አዝማቹን ደገመው። አሥራ አራቱ ስንኝ የለም። አይሱዙው የለም። ፊልሞን በኋላ ሲጠየቅ የመለሰው ይህን ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ቀርጬ አላውቅም፣ ግን ከቀለሙ ጋር አልሄደም። ክሊፑ ሰማያዊና ብርቱካናማ ነው፣ ያንተ ጥቁር ነው፤ መሃል ሲገባ ሰው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ምስሉም ድምፁም አብሮ ወጣ። የቀሩት ሁለቱ ስንኞች ደግሞ ለአፊኒ የተነገሩ የፍቅር ቃል ሆነው ልክክ አሉ። መንገር የፈራ አፍቃሪ! እንዲያውም ክሊፑ ላይ ከሁሉ የተወደደው ቦታ ያ ሆነ።

ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ሰው ያን ቃል እንደ ሴት ስም አልሰማውም። አለምነሽ አማርኛ ትችላለች፣ የተወለደችው ግን በሲዳሙ አፎ ነው። «አፊኒ?» ሲባል ከሶፋው ላይ ቀና አለች። ቴሌቪዥኑን እያየች፣ አባቷ ጥላ ስር ይሉት እንደነበረው፣ ጎላ ባለ ድምፅ በሲዳምኛ «አልሰማሁም» ብላ መለሰች።

ሰው በፍቅር ሳቀ። እትዬ አለምነሽ ከቴሌቪዥን ጋር ያወራሉ ተባለ። እሷ አልሳቀችም። እጇን አጣጥፋ ቀጣዩን ጠበቀች። አዝማቹ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፣ ክሊፑ አለቀ፣ ስሞች ወጡ፤ የኤርሚያስ ስም ከሮቢ ጎን ወጣ፣ ሰው እንደገና አጨበጨበ። አለምነሽ ያኔ ዞራ በሩ ጋ አየችው።

«ጠየቅከኝ እኮ ልጄ» አለችው። «አልሰማሁም አልኩህ። በል ንገረኝ።»

ገነት ድምፁን ቀነሰችው። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እንግዲህ እዩልኝ፤ ማለዳ ነው፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ሽማግሌው ተቀምጠዋል፣ መድኃኒቷ በቦርሳዋ ውስጥ አለ፣ እናቲቱ ራሷ ጠይቃለች። ሁለት ዓመት ሲመኘው የነበረ ነገር አንድ ሳይቀር ተሟልቶ ከፊቱ ቆሟል። ግጥሙም ያዘዘው ይሄንኑ ነው፤ አልሰማሁም በይኝ አለ፣ አለችው፤ ጠይቂኝ አለ፣ ጠየቀችው። የጎደለው አንድ የኤርሚያስ አፍ ነው። አፍህን ክፈት፣ አንተ ሰው!

ከፈተ። የቀረበለትን ድፎ ዳቦ አየ፣ የሳቁትን ፊቶች አየ፣ ሽማግሌውን አየ፤ የፈራው ጥያቄያቸው በጆሮው መጣ። «መቼ ነው የሰማኸው?»

«እማ፣ የሴት ስም ነው» አለ። «የልጅቷ ስም ነው፤ አፊኒ ማለት።»

አለምነሽ አየችው። አፊኒ የምትባል ሴት በሕይወቷ አንድም ቀን አልገጠማትም፤ ሊገጥማትም አይችልም። ሰማሽ ወይ ተብሎ ለልጅ ስም አይወጣም። ልጇ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አያቱ ጭን ላይ ያደገ ልጅ ነው። ታዲያ ምንድነው እንዲህ አድርጎ የሚያስዋሸው? እናት ናትና መልሱን ለማግኘት ሩቅ አልሄደችም። ጭኗ ላይ ያለውን ስልክ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቆንጆ ልጅ ናት» አለች ቀስ ብላ፣ በአማርኛ።

ድፎው ተቆረሰ። ክሊፑ አራት ጊዜ ተደገመ። ከሰዓት በኋላ ኤርሚያስ ወደ ሥራ ሲወጣ ዘፈኑ በየባጃጁ ነበር፤ ከጉዱማሌ ሜዳ ፊት ለፊት አንድ የሚያውቀው ሾፌር መስኮት ለመስኮት ተጠግቶ፣ «አፊኒህን አስተዋውቀና!» አለው።

በማግስቱ እሁድ ነው። አለምነሽ አሮጌውን ስልክ አልጋዋ ላይ ትታው ወጣች፤ እሱ ነው ያስታወሳት፣ «ተወው» አለችው። በቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ደረሰ። «በመንገድ ላይ ስላሉ ልጆቻችን» ተባለ። ስሞች ተጠሩ፤ እዚህም እዚያም ሰው ተነሳ።

«ሀብታሙ» ተባለ።

ኤርሚያስ እንደ ልማዱ ተነስቶ ቆመ። አለምነሽ አልተነሳችም። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወለሉን ታያለች። ጉባኤው «አሜን» አለ። ከኤርሚያስም አፍ ወጣ፤ «አሜን» አለ፣ ብቻውን፣ ዘግይቶ።

እጅጌውን ያዘችና ወደ ታች ሳበችው። «ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ስለ ሀብታሙ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም። ለቅሶ አልተቀመጡም። ስሙ ግን እስከ ዛሬ እሁድ እሁድ ይጠራል።